ፔዞታይት ወይስ ሮዝ ቱርማሊን? ሁለት ቁጥሮች ሳይገኙ ዋጋ አይተመንም

ደማቅ የእንጆሪ ቀለም ያለው ድንጋይ እጅዎ ገብቶ «ፔዞታይት ነው» ከተባሉ ዓይንዎን ብቻ አይመኑ። ሞርጋናይት፣ ሮዝ ቱርማሊን፣ ኩንዛይት፣ ሮዝ ቶፓዝ፣ ቀለም የገባ ብርጭቆ ሁሉ ያንን መልክ ሊይዙ ይችላሉ። ተቆርጠውና ተወልውለው አንድ ትሪ ላይ ሲደረደሩ፣ ዕድሜውን በንግዱ ያሳለፈ ሰውም በዓይኑ ብቻ አይምልባቸውም። የድንጋዩን ማንነት የሚናገሩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ እፍጋቱና ብርሃን በውስጡ ሲያልፍ የሚሰበርበት መጠን። እፍጋቱ ከሞርጋናይት ይለየዋል፤ ከቱርማሊን ግን አይለየውም። የስብረት መጠኑ ከቱርማሊን ይለየዋል፤ ከብርጭቆ ግን ላይለየው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ይለካሉ፣ ከሁለቱም በፊት አንድ አጭር ፍተሻ ይገባል። ከዚያ በፊት ስለ ገንዘብ ማውራት ገና ካልተወለደ ጥጃ ወተት እንደ መጠበቅ ነው።

ምን ዓይነት ማዕድን ነው?

ፔዞታይት የቤሪል ወገን የሆነ ሲሊኬት (ሲሊከንና ኦክስጅን ያለበት ማዕድን) ነው፤ ኤመራልድ፣ አኳማሪንና ሞርጋናይት የቤሪል ዓይነቶች ናቸው። የተገኘው በቅርብ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002፣ በማዕከላዊ ማዳጋስካር ነው፤ ከአንትሲራቤ ከተማ በደቡብ ምዕራብ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሚገኘው የሳካቫላና ፔግማታይት (ትልልቅ ክሪስታሎች የሚያድጉበት አለት) ወጣ። ወዲያው በ2003 መጀመሪያ በአሜሪካ፣ አሪዞና፣ የቱሳን የድንጋይ ገበያ ላይ «እንጆሪ ቤሪል» በሚል ስም መሸጥ ጀመረ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የማዕድን ጥናት ማኅበር ራሱን የቻለ ማዕድን መሆኑን አጸደቀ፤ ስሙም ለጣሊያናዊው የማዕድን ተመራማሪ ለፌዴሪኮ ፔዞታ መታሰቢያ ሆነ። ይህን ማወቅ ለሥራው ይጠቅማል፦ በ2002 እና በ2003 በተጻፈ ደረሰኝ ላይ «ሮዝ ቤሪል» ወይም «እንጆሪ ቤሪል» ቢል ማታለያ ላይሆን ይችላል፤ ስሙ ገና አልወጣም ነበርና። ዛሬ የሚጻፍ ከሆነ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ሻጩ ፔዞታይት ነው ብሎ ለመፈረም አልደፈረም ማለት ነው።

ከቤሪል የሚለየው በሁለት ንጥረ ነገሮች ነው። ቤሪል ውስጥ ሦስት የቤሪሊየም ቦታዎች አሉ፤ ፔዞታይት ውስጥ ከሦስቱ አንዱን ሊቲየም ይይዘዋል። ሊቲየም ከቤሪሊየም አንድ የኤሌክትሪክ ሙላት ስለሚያንሰው፣ ጉድለቱን ለመሙላት ሲዚየም ክሪስታሉ ውስጥ ባሉት ረጃጅም ቀዳዳዎች ይገባል። ሲዚየም ከባድ ንጥረ ነገር ነው። እፍጋቱንም የስብረት መጠኑንም ከሞርጋናይት በላይ ያደረሰው እሱ ነው፤ ሚዛንና ሪፍራክቶሜትር (የስብረት መጠኑን የሚያነብ መሣሪያ) ይዘን ስንቀመጥ የምንፈልገውም የሲዚየሙን አሻራ ነው።

ከማዳጋስካር ሌላ በአፍጋኒስታን ኑሪስታን እና በምያንማር የሞጎክ አካባቢ ተገኝቷል። የትውልድ ቦታው ሁሌም ሊቲየም የበዛበት ፔግማታይት ነው። በአገራችንም በጉጂ ዞን የቀንጢቻ ፔግማታይት በታንታለምና የሊቲየም ማዕድን በሆነው በስፖዱሚን ይታወቃል። ከእንዲህ ዓይነት መሬት የወጣ ሮዝ ድንጋይ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ቱርማሊን፣ ሞርጋናይትና ኩንዛይት ናቸው። ሊቲየም ያለበት ድንጋይ መሆኑ ብቻ ፔዞታይት አያደርገውም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ፣ እስከ 0.001 ግራም የሚያነብ ሚዛን ከማስተካከያ ክብደቱ ጋር፣ ሪፍራክቶሜትር ከነፈሳሹና ከቢጫ መብራቱ፣ አንድ የፖላራይዝ መነጽር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ)፣ ቀጭን የናይሎን ክር፣ ትንሽ ብርጭቆ፣ የሚሊ ሜትር መለኪያ ካሊፐር። ፖላሪስኮፕ (ድንጋይን በሁለት እንዲህ ባሉ መነጽሮች መካከል የሚያሳይ መሣሪያ) ካለዎት መልካም፤ ከሌለዎት ነጭ ገጽ የተከፈተበት የላፕቶፕ ኤልሲዲ ስክሪን እና የፖላራይዝ መነጽሩ ሥራውን ይሠሩታል፤ ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃን ቀድሞውኑ ፖላራይዝ ሆኖ ነውና።

አንድ ነገር ከጠረጴዛው ላይ ያንሱ፦ ቢላና ሞረድ። ድንጋይ በመፋቅ የሚመረምር ሰው ዕቃውን ያበላሻል እንጂ አያውቀውም። የፔዞታይት ጥንካሬ በሞህስ መለኪያ 8 ነው፤ ሞርጋናይትም ከ7.5 እስከ 8፣ ቶፓዝም 8። ጭረቱ ምንም አይለይም፤ ስንጥቅ የበዛበትን ድንጋይ ግን ሊሰብረው ይችላል። የአልማዝ መመርመሪያ ብዕርም እዚህ አይረዳም።

መጀመሪያ ማየት

ድንጋዩን ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ያጥቡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት። ከዚያ በነጭ ወረቀት ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት። ቢጫ አምፖል ሮዝን ወደ ቀይና ብርቱካን ይገፋዋል፤ በሱቅ መብራት ሥር የታየ ቀለም ውጭ ሲወጣ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ቀይ ወርቅ ላይ የተሰካ ድንጋይም የወርቁን ቀለም ስለሚበደር ከእውነተኛ ቀለሙ የደመቀ ይመስላል።

ያልተቆረጠ ክሪስታል ከሆነ ቅርጹ ብዙ ይናገራል። ፔዞታይት አጭርና ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ባለ ስድስት ጎን ሰሌዳ መስሎ ያድጋል። ቱርማሊን በአንጻሩ ረጅም ዘንግ ነው፤ በቁመቱ የተሰመሩ ጥልቅ መስመሮች አሉት፣ በአግድም ተቆርጦ ሲታይ ጎኑ ያበጠ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ኩንዛይት ጠፍጣፋና ረጅም ነው፣ ሁለት አቅጣጫ በንጹሕ ገጽ ይሰነጠቃል፤ የተሰበረው ጎኑ እንደ ደረጃ ካብረቀረቀ እሱን ይጠርጥሩ። ሞርጋናይት ግን ጠፍጣፋ ሆኖ የሚያድግበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ከእሱ ለመለየት ቅርጽ አያዋጣም።

በማጉያው ውስጡን ሲያዩ ፔዞታይት ንጹሕ ሆኖ አይጠብቅዎትም። ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈው፣ ፈሳሽና ጋዝ የያዙ ነጠብጣቦች፣ የዳኑ ስንጥቆች እንደ ጣት አሻራ ተዘርግተው ይታያሉ። ክብ አረፋ እና እንደ ማር የሚጥመለመል መስመር ካዩ ብርጭቆ ነው። ቀለሙ በስንጥቆቹ ውስጥ ብቻ ተከማችቶ በመሃል ያለው አካል ነጣ ካለ፣ ሙቀት አሰንጥቆ ቀለም ያስገቡበት ኳርትዝ ነው። ቀለሙ በጠርዞች ላይ ተፍቆ ነጭ መስመር ከታየ ደግሞ በላዩ ላይ የተቀባ ነው። ከአንድ ካራት (0.2 ግራም) በላይ የሆነ፣ ፍጹም ጥርት ያለና ደማቅ ድንጋይ «ፔዞታይት» ተብሎ ሲቀርብልዎት ደስታውን ለጊዜው አቆዩትና ጥርጣሬውን ያስቀድሙ።

አሁን የኋላ ጠርዞቹን በድንጋዩ ውስጥ አሳልፈው ይዩ። ቱርማሊን ብርሃኑን በሁለት ስለሚከፍል ጠርዞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታያሉ፣ በተለይ ድንጋዩ ከፍ ካለ። በፔዞታይት ይህ መንታነት ከቱርማሊኑ እኩሌታ ያህል ነው፤ በትንሽ ድንጋይ ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል።

ከዚያ ወደ ስክሪኑ። መነጽሩን ስክሪኑ ጥቁር እስኪሆን ድረስ ያዙሩት፤ ድንጋዩን በመካከላቸው ያስገቡና ሙሉ ዙር ያሽከርክሩት። አራት ጊዜ እየበራ አራት ጊዜ ከጨለመ ብርሃንን የሚከፍል ክሪስታል ነው። ሙሉ ዙር ጨለማ ሆኖ ከቀረ ወይም እንደ እባብ የሚላወስ ጥላ ካሳየ ብርጭቆን ይጠርጥሩ። ሆኖም በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይቶ መፍረድ ስህተት ነው፤ ክሪስታል የሆነ ድንጋይም በዋና ምሶሶው በኩል ሲታይ ጨለማ ሆኖ ይቀራልና ቢያንስ በሦስት አቀማመጥ ይሞክሩት። ይህን ፍተሻ የሚዘል ሰው በጣም የሚጎዳበት ምክንያት አለ፦ ብርጭቆ ሲሠራ እፍጋቱም የስብረት መጠኑም ከፔዞታይት ጋር እንዲመሳሰል ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱም ቁጥሮች ገጥመው ድንጋዩ ብርጭቆ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እፍጋቱን መለካት

ድንጋዩን ደረቅ ሆኖ ይመዝኑት። ከዚያ ብርጭቆውን በግማሽ ውሃ ሞልተው ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል፣ አረፋ አይበዛበትም፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨምሩበት። ሚዛኑን ከማይነካ ማቆሚያ ላይ የክሩን ቀለበት ወደ ውሃው ያውርዱ፣ ባዶውን ቀለበት እንደነከሩ ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ከዚያ ድንጋዩን በቀለበቱ አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ ያጥልቁት፤ ከታችም ከጎንም ብርጭቆውን አይንካ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ድንጋዩ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር ያካፍሉ።

ለምሳሌ ደረቁ 0.775 ግራም፣ በውሃ ውስጥ የተነበበው 0.250 ግራም ከሆነ፣ እፍጋቱ 3.10 ነው። ይህ የፔዞታይት ቁጥር ነው፤ የማዳጋስካሩ ከ3.09 እስከ 3.11 ይውላል። ሞርጋናይት ከ2.71 እስከ 2.90፣ ሮዝ ኳርትዝ 2.65፣ ዳንቡራይት 3.00፣ ኩንዛይት 3.18፣ ቶፓዝ 3.53፣ ሮዝ ሳፋየር 4.00 ነው። ቱርማሊን 3.06 ገደማ ላይ ተቀምጧል፤ ችግሩም እዚህ ነው።

የወርቅ ሱቆች ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው ብዙው ሚዛን እስከ 0.01 ግራም ብቻ ያነባል። ያንኑ ድንጋይ በእሱ ቢመዝኑ ደረቁ 0.77 ወይም 0.78፣ የውሃው 0.24 ወይም 0.26 ሊል ይችላል፤ ውጤቱም ከ2.96 እስከ 3.25 ይዋዥቃል። በዚህ ክልል ውስጥ ዳንቡራይትም፣ ቱርማሊንም፣ ኩንዛይትም፣ ፔዞታይትም አሉ። ምንም አልለኩም ማለት ይቻላል። በ0.001 ግራም ሚዛን ግን ስህተቱ ከ3.09 እስከ 3.11 ውስጥ ይቆያል። ድንጋዩ ከአንድ ካራት፣ ማለትም ከ0.2 ግራም፣ ያነሰ ከሆነ ይህም ሚዛን ይደክማል፤ የውሃው ንባብ በአንድ ሺኛ ቢዛነፍ ውጤቱ ከ3.03 እስከ 3.13 ይሄዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ አምስት ጊዜ ደጋግመው አማካዩን ይውሰዱ፤ ሸክሙንም ወደ ሪፍራክቶሜትሩ ያዛውሩት።

ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ አረፋ ይፈልጉ። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀ አንድ አረፋ የተገፋውን ውሃ ያበዛና እውነተኛውን ፔዞታይት ሞርጋናይት አስመስሎ ያስቀምጠዋል። ድንጋዩ ወለሉን ከነካም ክብደቱ በቀጥታ ሚዛኑ ላይ ስለሚያርፍ ውጤቱ እጅግ ያንሳል። ከእናት ድንጋዩ ያልተላቀቀ ክሪስታል፣ ቀለበት ላይ የተሰካ ድንጋይ፣ ሙጫ የተሞላ ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ በዚህ መንገድ አይለካም፤ ከተለካም ቁጥሩ የድንጋዩ ብቻ አይደለም።

የስብረት መጠኑን ማንበብ

ሪፍራክቶሜትሩን በሚታወቅ ድንጋይ ይፈትሹ፤ ንጹሕ ኳርትዝ 1.544 እና 1.553 ማሳየት አለበት። ካላሳየ ልዩነቱን ጽፈው በኋላ በሚያነቡት ላይ ያስተካክሉ። መስታወቱ ላይ የመርፌ ራስ የምታህል ጠብታ ፈሳሽ ያድርጉ፤ ሲበዛ ድንጋዩ ይንሳፈፋል፣ ጥላውም ይደበዝዛል። ፈሳሹ መርዛማ ስለሆነ መስኮት ይክፈቱ፣ እጅዎንም ይታጠቡ። ትልቁን የተወለወለ ገጽ ቀስ ብለው ያስቀምጡ፤ የሪፍራክቶሜትሩ መስታወት ለስላሳ ነው፣ ድንጋዩን ከጎተቱት ይጫራል፣ የተጫረ መስታወት ደግሞ ለዘለዓለም የተሳሳተ ጥላ ያሳያል።

በቢጫ መብራት መጀመሪያ ያንብቡ፣ ከዚያ ድንጋዩን በየ30 ዲግሪው እያዞሩ እስከ 180 ድረስ ሁለቱንም ጥላዎች ይጻፉ። በፔዞታይት ከፍተኛው ጥላ በቦታው ይቆማል፣ ዝቅተኛው ይንቀሳቀሳል። ንባቦቹ ሁሉ ከ1.601 እስከ 1.620 መካከል ይውላሉ፤ በአንድ ድንጋይ ላይ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ0.008 እስከ 0.011 ነው። ነጭ መብራት ከተጠቀሙ የጥላው ጠርዝ ቀስተ ደመና ይሆንና ሦስተኛዋን ዲጂት መተማመን አይቻልም፤ እዚህ የሚፈርደው ደግሞ ያቺው ሦስተኛዋ ዲጂት ነች።

ቱርማሊን ከ1.624 እስከ 1.644 ያነባል፣ ልዩነቱም ከ0.018 እስከ 0.020 ነው። ስለዚህ በእፍጋት ጎረቤት የነበሩት ሁለቱ እዚህ ይለያያሉ፤ በቁጥሩ ጠባብ ቢመስልም በጥላዎቹ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ስለሆነ አይምታታም። ቶፓዝ ከ1.61 እስከ 1.64 ባለው ውስጥ ስለሚውልና ልዩነቱም ከፔዞታይት ጋር ስለሚቀራረብ በዚህ መሣሪያ ብቻ ሊያሳስት ይችላል፤ እፍጋቱ 3.53 መሆኑ ያጋልጠዋል። ኩንዛይት 1.660 እና 1.676 ላይ፣ ዳንቡራይት 1.630 እና 1.636 ላይ ናቸው። ብርጭቆ ከሆነ አንድ ጥላ ብቻ ነው ያለው፣ ድንጋዩን ቢያዞሩትም አይንቀሳቀስም።

በጉልላት መልክ የተቆረጠ የድመት ዓይን ድንጋይ (መብራት ሲያርፍበት እንደ ድመት ዓይን አንድ ብሩህ መስመር የሚያሳይ) ሲመጣ ሥራው ይከብዳል። ከላይ ጠፍጣፋ ገጽ የለውም፤ በጉልላቱ አናት የሚነበበው ነጥብ እስከ 0.01 ሊሳሳት ይችላል፣ ይህም ፔዞታይትን ከሮዝ ቱርማሊን የድመት ዓይን ለመለየት የማይበቃ ነው። ታችኛው ገጹ ጠፍጣፋና የተወለወለ ከሆነ ገልብጠው በእሱ ያንብቡ። ሻካራ ከሆነ ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ።

ከሞርጋናይት ጋር ድንበር ላይ ሲቆም

ሞርጋናይት ሲዚየም ሊይዝ ይችላል፤ ሲዚየሙ በበዛ ቁጥር ቁጥሮቹ ወደ ፔዞታይት ይጠጋሉ። እፍጋቱ 2.95፣ ስብረቱ 1.600 አካባቢ የሆነ ድንጋይ ቢያጋጥምዎት በጠረጴዛ ላይ ሊፈረድ አይችልም። ብዙ ገዢዎች በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያ ጠመንጃ አውጥተው «ሲዚየም አሳየ፣ ስለዚህ ፔዞታይት ነው» ይላሉ። ይህ ልክ አይደለም። መሣሪያው ሊቲየምንና ቤሪሊየምን ጨርሶ አያይም፤ በጣም ቀላል ንጥረ ነገሮች ናቸውና። ሲዚየም ደግሞ በሞርጋናይትም ውስጥ ይገኛል። ድንበሩን የሚወስነው የራማን ምርመራ (በሌዘር ብርሃን ማዕድኑን የሚለይ)ና ሊቲየምን መለካት የሚችል የኬሚካል ትንተና ያለው ላቦራቶሪ ነው፤ በአሜሪካ ጂአይኤ፣ በስዊዘርላንድ ኤስኤስኢኤፍና ጉበሊን በዚህ የታወቁ ናቸው። ውጤት እስኪመጣ ድረስ ድንጋዩ በሞርጋናይት ዋጋ ይታሰብ።

የተደረገበት ነገር አለ?

ስንጥቅ የሚበዛበት ድንጋይ ስለሆነ ዘይት ወይም ሙጫ ተሞልቶ ጥርት ያለ መስሎ ሊቀርብ ይችላል። በማጉያው እያጋደሉ ሲያዩት ስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ ወይም ብርቱካን ብልጭታ፣ የታሰረ ጠፍጣፋ አረፋ ወይም ቢጫ ቅሪት ከታየ ተሞልቷል። በአሴቶን የረጠበ ጥጥ ስንጥቁ ገጽ ላይ የደረሰበትን ሲያብሱት ዘይት ከሆነ ስንጥቁ ይገለጣል፤ ይህን ግን የእርስዎ ባልሆነ ድንጋይ ላይ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አያድርጉ።

ቀለሙን የፈጠረው በተፈጥሮ ጨረር የተለወጠ ማንጋኒዝ ነው ተብሎ ይታመናል። በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሁለት ሰዓት ቢሞቅ ቀለሙ ይጠፋል፤ በጋማ ጨረር ደግሞ ሊመለስ ይችላል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ድንጋዩ በጨረር የደመቀ ይሁን በተፈጥሮው የደመቀ በማጉያ አይታወቅም። ሁለተኛ፣ ቀለበት የሚጠግን ሰው ድንጋዩን ሳያወጣ እሳት ካስነካው ጉዳቱ ስንጥቅ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የከፈሉበት ቀለም አብሮ ሊሄድ ይችላል። በድምፅ ሞገድና በእንፋሎት የሚያጸዱ ማሽኖችም ፈሳሽ የያዙትን ነጠብጣቦች ስለሚያስጨንቁ ይከልክሉ።

ዋጋውን ማውጣት

ማንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ የመጀመሪያው ዳኛ ቀለም ነው። የጠለቀ፣ ወደ እንጆሪ የሚያደላ ሮዝ ከፍተኛውን ይይዛል። ቀለሙ እየሳሳ ሲሄድ በገበያ ላይ እንደ ልብ ከሚገኘው ሞርጋናይት ጋር በመልክ ስለሚመሳሰል ዋጋው በፍጥነት ይወርዳል፤ ገዢው የሚከፍለው ለስሙ ብቻ ይሆናል፣ ለስም ብቻ የሚከፍለው ደግሞ ሰብሳቢ ነው። ድንጋዩን በተለያየ አቅጣጫ ሲያዩት ወደ ብርቱካን የሚያደላ ሮዝና ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ ይሰጣል፤ ጥሩ ቆራጭ የተሻለው ቀለም ከፊት እንዲታይ አድርጎ ይቆርጣል።

ጥራትን በቱርማሊን ወይም በአኳማሪን ሚዛን መመዘን አይገባም። እዚህ ጉድለት መኖሩ የተለመደ ነው፤ ጥያቄው ጉድለቱ የት ነው የሚለው ነው። በመሃል ፊት ለፊት የተጋደመ ስንጥቅ ዋጋውን ይሰብራል፤ ጎን ላይ የተደበቁ ቱቦዎች ብዙም አይጎዱም። ገጽ ላይ የደረሰ ስንጥቅ ከውስጥ ከቀረው የከፋ ነው፣ ድንጋዩ ሲሰካ እዚያ ጋ ይሰበራልና። በዓይን ጥርት ያለና ከአንድ ካራት የዘለለ ድንጋይ በካራት ሲታሰብ ከታናናሾቹ እጅግ ይበልጣል፤ ሁለት ካራት የሆነው የአንድ ካራቱን እጥፍ ብቻ አያወጣም።

የድመት ዓይኑን በአንድ ነጥብ መብራት ይፈትኑ፤ የስልክ ባትሪ ይበቃል። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ የተሳለ፣ ጉልላቱ መሃል ላይ የቆመ፣ መብራቱን ሲያንቀሳቅሱ ሳይቆራረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ይሁን። ቱቦዎቹ ውስጥ ቡናማ የብረት ዝገት ከገባ ቀለሙ ይቆሽሻል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ከጎን ይዩት፤ ታችኛው ሆዱ ከሚገባው በላይ ወፍሮ ከሆነ ለማይታይ ክብደት በካራት እየከፈሉ ነው።

ቀለበት ላይ የተሰካውን ክብደት በካሊፐር ይገምቱ። ሞላላ ሆኖ ለተገጸ (በብዙ ጠፍጣፋ ገጾች ለተቆረጠ) ድንጋይ ርዝመት × ስፋት × ጥልቀት በሚሊ ሜትር፣ ሲባዛ በእፍጋቱ፣ ሲባዛ በ0.0020። ለምሳሌ 8.0 × 6.0 × 4.0 የሆነው በ3.10 ሲታሰብ 1.19 ካራት ይሆናል፤ በሞርጋናይት 2.80 ቢታሰብ 1.08 ብቻ ነው። ለክብ የዲያሜትሩን ካሬ በጥልቀቱና በእፍጋቱ አባዝተው በ0.0018 ያባዙ። ለሞላላ ጉልላት በ0.0020 ምትክ 0.0026 ይጠቀሙ፤ 10 × 8 × 5 የሆነው 3.22 ካራት ገደማ ይመጣል። ሆዱ ወፍራም ወይም ቀጭን ከሆነ ግምቱ እስከ አሥር በመቶ ሊዛነፍ ይችላል።

የማነጻጸሪያ ዋጋ ሲፈልጉ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ይያዙ። የላቦራቶሪ ወረቀት ያላቸው፣ በቅርጽ ተመሳሳይ የሆኑ (የተገጸውን ከተገጸው፣ የድመት ዓይኑን ከድመት ዓይን)፣ በክብደት የሚቀራረቡ ቢያንስ ሦስት ሽያጮች ያሰባስቡ። ከዚያ የችርቻሮውን፣ የነጋዴ ለነጋዴውንና ዛሬውኑ በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥበትን ለይተው ይጻፉ። በአንዱ ቁጥር ሌላውን መከራከር ሻጭንና ገዢን ያጣላል፤ ለመድን የሚጻፈው ዋጋ ድንጋዩን ዛሬ ቢሸጡት የሚያገኙት አይደለም። የምርመራ ክፍያው፣ መላኪያውና የደላላው ድርሻ ተደምረው ከሚጠበቀው ዋጋ ሩቡን የሚበሉ ከሆነ ድንጋዩ ላቦራቶሪ መላክ አያዋጣውም፤ በያዙት ቁጥር ልክ በሐቅ ይሸጥ።

ያልተቆረጠ ክሪስታል ይዞ «ይቆረጥ» ከማለት በፊት ስሌት ይሠራ። ከጥሬው ድንጋይ ተቆርጦ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ከአምስት አንድ እስከ ከሦስት አንድ ነው፤ ስንጥቅ በበዛበት ከዚያም ያንሳል። 5 ግራም ጥሬ 25 ካራት ነው፤ ተቆርጦ 5 ወይም 7 ካራት፣ ያውም በትናንሽ ድንጋዮች ተከፋፍሎ ሊወጣ ይችላል። ጠርዞቹ ያልተጎዱ፣ አልባይት ከተባለው ነጭ ማዕድን ወይም ከኳርትዝ ጋር እንደተያያዘ የቀረ ባለ ስድስት ጎን ሰሌዳ ግን ለማዕድን ሰብሳቢ እንዳለ ከተቆረጠው በላይ ሊያወጣ ይችላል። እሱን በመዶሻ ከእናት ድንጋዩ ማላቀቅ ሊመለስ የማይችል ጥፋት ነው። የተሰበረውን መልሰው በሙጫ አጣብቀው የሚሸጡም አሉ፤ መጋጠሚያው ላይ የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር ወይም በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ሙጫ ካለ ዋጋው እንደ ተሰበረ ድንጋይ ይታሰባል።

ሲገዙም ሲሸጡም ደረሰኙ ላይ የማዕድኑ ስም፣ ክብደቱ በካራት፣ ልኩ በሚሊ ሜትር፣ የተለካው እፍጋትና የስብረት መጠን፣ ስንጥቁ ተሞልቶ እንደሆነ፣ የወጣበት አገር በምን ማስረጃ እንደተባለ ይጻፍ። ማዳጋስካር ነው ከተባለ የማውጫ ሰነዱ ቅጂ ይያያዝ፤ አገሩ በሻጩ ቃል ብቻ ከሆነ «እንደ ሻጩ ቃል» የሚለው ይጨመር። የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ያለው ክብደትና ልክ እጅዎ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር እስከ መጨረሻዋ ዲጂት መግጠሙን ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ለክተው ያረጋግጡ።